አንድ ቦይ፣ ስምንት ተማሪ
(ለተማሪዎች ኅብረት፣ ለክበባት ተጠሪዎችና ለአማካሪ መምህራን ጅማ ላይ የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

የተከበራችሁ የኅብረቱ አባላት፣ የክበባት ተጠሪዎች፣ መምህራን፣ እንደምን አደራችሁ።

ሕዳር 29 በደረሰ ቁጥር ግቢ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። አዳራሹ ይሞላል፣ የባህል ልብስ ይለበሳል፣ ጭኮው፣ ቆጮው፣ ዳቦው ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል፣ ፎቶ ይነሳል። ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀበት ቀን ስለሆነ ይከበር፤ ተቃውሞ የለኝም። በማግስቱ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ካፌ ገብታችሁ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ እዩ። ትናንት መድረክ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዞ የጨፈረው ዛሬ በየቋንቋው ተከፋፍሎ ይበላል።

ከአገር ልጅ ጋር መብላት ነውር አይደለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ በምደባ ጅማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚፈልገው በቋንቋው የሚያዋራውን ሰው ነው። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ከሌላው ጋር የሚያገናኘው ሥራ ካላገኘ፣ አንድ ቀን ማታ በቴሌግራም «እዚያኛው ብሎክ የእኛ ልጅ ተደበደበ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ደውሎ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው እዚያኛው ብሎክ ውስጥ አይኖረውም። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ ተማሪ ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰበት ጊዜ ገና አልተረሳም።

ስለዚህ ዛሬ የማነሳው ነገር አንድ ነው፦ የተለያየ ተማሪ የሚቀራረበው ጀምሮ የሚጨርሰው፣ ለብቻው የማይወጣው የጋራ ሥራ ሲሰጠው ነው። የቀረው ሁሉ ይህን ሥራ እንዴት እናደራጅ የሚል ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 የተለያዩ ቡድኖች ሲገናኙ ጥላቻ የሚቀንስባቸውን አራት ሁኔታዎች አስቀምጦ ነበር፦ በግንኙነቱ ውስጥ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ግብ፣ ፉክክር የሌለበት ትብብር፣ ከላይ ያለው አካል ድጋፍ። ቶማስ ፔቲግሪውና ሊንዳ ትሮፕ ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው መርምረው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ሥራ መቀራረብ በአብዛኛው ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ እነዚህ ሁኔታዎች ሲሟሉ ደግሞ ውጤቱ እንደሚጎላ አሳይተዋል። የባህል ምሽታችንን በዚህ መስፈርት መዝኑት። የጋራ ግብ የለውም፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ያቀርባል። ትብብርም የለውም፤ እንዲያውም የማን ጭፈራ በለጠ ተብሎ ይፎካከሩበታል።

«እንግዲያው ተቀምጠን እንወያይ» የሚል ይኖራል። ውይይት ጥሩ ነው፣ ብቻውን ሲሆን ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢሳክ ስቬንሰንና ካረን ብሩኔየስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከል የተካሄደ ተከታታይ የውይይት ፕሮግራም ምን እንዳስገኘ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትመዋል። ውይይቱ በተማሪዎቹ መካከል የነበረውን አለመተማመን ቀንሷል። በዚያው ልክ የብሔር ማንነት ለተሳታፊዎቹ ይበልጥ ትልቅ ነገር ሆኖ ታይቷቸዋል፤ በማንነቴ እበደላለሁ የሚለው ስሜትም ጨምሯል። ይህ አይደንቅም። ሰውን አስቀምጠህ በየሳምንቱ ስለ ማንነቱ ብቻ ብታናግረው ማንነቱ ጎልቶ ይታየዋል። ውይይትን አልነቅፍም፤ ነገር ግን እጅ ላይ ሥራ ይኑር፣ ወሬው ከሥራው ጋር ይምጣ።

በዚህ በኩል ጅማ ከሌላው ይልቅ የተመቻቸ ቦታ ነው። የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ከተመሠረተበት ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በኋላም ከጅማ እርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህዶ በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ የተማሪው ትምህርት ወደ ሕዝቡ ወርዶ መሥራትን ይጨምራል፤ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርት የምንለው ነው። የጤና ተመራቂዎች በቡድን ሥልጠና ሲወጡ ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና የላቦራቶሪ ባለሙያው በአንድ ጤና ጣቢያ አብረው ይሠራሉ። ከኦልፖርት አራት ነጥቦች አብዛኞቹ እዚያ አሉ። የጎደለው የቡድኑ አባላት ሲመረጡ ከሙያው ሌላ ስለ ቋንቋና ስለመጡበት አካባቢ መታሰቡ ነው። ክበቦቻችሁ ይህን ጉድለት መሙላት ይችላሉ።

አሁን ወደ ቡድን አመሠራረት እንግባ።

የቡድኑ ቁጥር ከስድስት እስከ ስምንት ይሁን። ከስድስት ካነሰ ሁለት ሰው ሲቀር ሥራው ይቆማል፤ ከስምንት ከበለጠ ሁለትና ሦስት ሆነው የሚያወሩ ንዑስ ቡድኖች ይፈጠራሉ፣ አንዳንዱም ተደብቆ ይቀራል። ስትመዘግቡ «ብሔር» የሚል ሳጥን አታስገቡ። ጥርጣሬ ይፈጥራል፣ ከተለያየ ብሔር የተወለደውንም ያስጨንቀዋል። ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ የትኞቹን ቋንቋዎች ትናገራለህ? አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የት ከተማ ጨረስክ? ዲፓርትመንትህ ምንድን ነው? በእነዚህ ሦስት መልሶች በቂ ስብጥር ይገኛል።

ስትደለድሉ ከሁሉ በላይ የምትጠብቁት ደንብ ብቻውን የሚሆን ሰው እንዳይኖር ነው። ከሰባት ወንዶች መካከል አንዲት ሴት፣ ወይም ከሰባት የአንድ አካባቢ ልጆች መካከል አንድ የሌላ አካባቢ ልጅ ካስቀመጣችሁ ያ ሰው የሕዝቡ ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል፤ ቢሳሳት «እነሱ እንዲህ ናቸው» ይባላል። ሁለት አድርጓቸው። ለሁሉም ቡድን የማይዳረስ ከሆነ በሁለት ቡድን ብቻ ጥንድ ጥንድ አድርጉና ሌሎቹን ቡድኖች ተዉአቸው፤ በየቡድኑ አንድ አንድ እየበተኑ ቁጥር ማሳመር ትርፍ የለውም። በዊልቸር የሚሄድ ወይም ዓይነ ስውር አባል ካለ ስብሰባው ምድር ቤት ይሁን፤ ይህንንም የሚያረጋግጥ ሰው በስም ይታወቅ።

ቀጥሎ የሚበላሸው ነገር ቋንቋ ነው። ቀበሌ ስትወርዱ ነዋሪው በኦሮምኛ ያዋራችኋል፤ ከአማርኛ በተጨማሪ ዳውርኛ፣ ካፍኛ፣ የምኛ፣ ጉራጊኛ የሚሰማባቸው ሰፈሮችም አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ኦሮምኛ የሚችሉት ልጆች አስተርጓሚ ሆነው መቅረታቸው ነው። እነሱ ያስተረጉማሉ፣ ሌላው ይጽፋል፣ ሪፖርት ሲቀርብ የጻፈው ይቆማል። እኩል ደረጃ የሚባለው እዚህ ላይ ፈረሰ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ቃለ መጠይቁን ጥንድ ሆነው ያድርጉ፣ ጠያቂነትና መዝጋቢነት በየቤቱ ይቀያየር፣ ኦሮምኛ የማይችለው ደግሞ ከመውጣቱ በፊት ሰላምታውን፣ ራሱን ማስተዋወቂያውንና የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ከቡድን ጓደኛው አጥንቶ በራሱ አፍ ይጠይቅ። አነጋገሩ ቢሰባበርም ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ያርሙታል።

ስለ ቀንና ስለ ምግብ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በትልቅ ፖለቲካ ሳይሆን በዚህ ነው። ዓርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ስብሰባ አትጥሩ፣ የጁምዓ ሰዓት ነው። እሑድ ጠዋት አይሆንም። ቅዳሜ ለብዙው ይመቻል፤ አድቬንቲስት አባል ካላችሁ ግን ቅዳሜም አይሆንም፣ ጠይቁ። በረመዳን ከሰዓት በኋላ የጉልበት ሥራ አታድርጉ። ምግብ ስታቀርቡ ሥጋ አታስቡ። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ብለው ሁለት ድስት ሲጥዱ ማዕዱም ለሁለት ይከፈላል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች በዘይት አቅርቡ፤ ረቡዕም ይሁን ዓርብ፣ ሁዳዴም ይሁን ፍስክ፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። ቅቤ ጣል ያደረገ ካለ ግን ያው ነው፣ አስቀድማችሁ ለወጥ ቤቷ ንገሯት።

ሥራውስ ምን ይሁን? ሁለት ነገር ያሟላ፦ በስምንት ሳምንት ውስጥ የሚያልቅና ሲያልቅ በዓይን የሚታይ። «ስለ ሰላም ግንዛቤ ማስጨበጥ» ሥራ አይደለም። ባነር ይሰቀላል፣ ይወርዳል።

አንድ ምሳሌ ላፍታታ፣ የጎርፍ ቦይ። ጅማ ዝናብ የማይለያት ከተማ ናት፤ ሰኔ ሲገባ በደለል የተሞላ ቦይ ውሃውን ወደ ቤት ይመልሳል፣ ቆሻሻውም ተጠራርጎ አዌቱ ወንዝ ይገባል። አንድ ቡድን ከአንድ ሰፈር ጋር ሆኖ መቶ ሜትር ቦይ ልጥረግ ብሎ ይነሳ። ብዙዎች ቅዳሜ ጠዋት ቲሸርት ለብሰው፣ አካፋ ይዘው ይወጣሉ፤ ጭቃውን አውጥተው ዳር ላይ ይከምሩታል፤ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ማክሰኞ ይዘንባል፣ ጭቃው ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ነዋሪው በቀጣዩ ዓመት ተማሪ ሲመጣ በሩን የሚዘጋው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። የቦዩ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር፣ የደለሉ ውፍረት 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በመቶ ሜትር ውስጥ 8 ሜትር ኩብ ጭቃ አለ። እርጥብ ጭቃ ከባድ ነው፤ 8 ሜትር ኩቡ ከ12 ቶን አያንስም። በትንሽ አይሱዙ ሦስት ወይም አራት ምልልስ ማለት ነው። ልምድ የሌለው ተማሪ በግማሽ ቀን አንድ ሜትር ኩብ ካወጣ ጎበዝ ነው፤ ስለዚህ ስምንቱ ተማሪ ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ ይመስላል፣ ግን አይጨርሰውም፤ ጭነቱ ደግሞ ሌላ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። የሰፈሩ ሰው እኩል ቁጥር ይዞ መውጣት አለበት። መኪናው የሚመጣበት ቀንና ጭቃው የሚደፋበት ቦታ ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አንድም አካፋ አታንሱ። ቦዬ ረግረግ ዳር ወስዶ መድፋት ደግሞ ችግሩን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አምስት አካፋ፣ ሦስት ዶማ፣ ሁለት የእጅ ጋሪ፣ ለየሰዉ ቦት ጫማና ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ጆንያ፣ ሳሙናና ውሃ። ቀጭኑ የሕክምና ጓንት አይሆንም፤ ቦይ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና መርፌ አለ። በክፍት ጫማ የመጣውን መልሱት። ብርጭቆና ስለት ያለው ነገር በተለየ ባልዲ ይሰብሰብ።

ሥራ ሲከፋፈል ሚናው በቀኑ እኩሌታ ይቀየር፤ የወደደ ሁሉ አካፋ ይያዝ፣ የወደደች ሁሉ ጋሪ ትግፋ። ሴቶቹን ሻይ አፍልተው እንዲጠብቁ ማድረግ በየዓመቱ የሚታይ አመል ነው፤ ይቁም።

አሁን ሲቪክ ተሳትፎ የሚባለው ክፍል ይመጣል፣ እሱም ወረቀት ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ለቀበሌም ለማዘጋጃ ቤትም የምትጽፉት ደብዳቤ በአፋን ኦሮሞ ይሁን። ይህን የሚጽፉት ቋንቋውን የሚችሉ አባላት ናቸው፤ ሒሳቡንና ንድፉን ደግሞ ሌሎቹ ይሠራሉ፤ ቡድኑ አንዱ ያለ ሌላው መንቀሳቀስ እንደማይችል የሚያየው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። «መኪናም ስጡን፣ ጓንትም፣ የድጋፍ ደብዳቤም» ያለ ማመልከቻ ሦስት ክፍል ይዞራል፣ አንዱም አይመልሰውም። ለኃላፊው በእጅ ሰጥታችሁ አትምጡ። መዝገብ ቤት ይግባ፣ ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፣ ግልባጩን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። በሳምንቱ ስትመለሱ «ጉዳያችን የት ደረሰ?» ከማለት «በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን የገባው» ማለት መልስ ያፋጥናል።

መረጃ ከፈለጋችሁ ለምሳሌ ለሰፈሩ የፍሳሽ ማስወገጃ ምን ያህል በጀት እንደተያዘ ለማወቅ ብትሹ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንም ሰው የመንግሥት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ተማሪ አራት ዓመት ስለ መብት ተምሮ አንድም ጊዜ ይህን መብት ሳይጠቀምበት መመረቁ ያሳዝናል። ጥያቄውን በትህትና ጻፉ። መልስ መስጠት ያለበት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ መረጃውን መስጠት የማይፈልግ ሳይሆን ሲጠየቅ አይቶ የማያውቅ ነው።

ውጤቱን ደግሞ ለሰፈሩ መልሱ። ነዋሪው በተማሪ መጠይቅ ሰልችቷል፤ «ጻፋችሁ፣ ሄዳችሁ» ይላል፣ እውነቱን ነው። መረጃ ከሰበሰባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ሃያ ደቂቃ ጠይቃችሁ በአንድ ገጽ ያገኛችሁትን አቅርቡ። እናቶቹና አባቶቹ «ይኸ ትክክል አይደለም» ካሉ አርሙ። ሪፖርታችሁ ከሁሉ የተሻለ እርማት የሚያገኘው እዚያ ነው።

መምህራን ክፍል ውስጥ ይህንኑ በትንሹ ማድረግ ትችላላችሁ። የኛ የግሩፕ አሳይመንት የአንድ ሰው ሥራ፣ የስድስት ሰው ስም እየሆነ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊየት አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ ኦስቲን፣ ትምህርት ቤቶች ነጭ፣ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸውን ተማሪዎች ገና ባቀላቀሉበት ጊዜ ያወጣው ዘዴ ይህን ያስቀራል። ርዕሱን ለስድስት ክፈሉት። በየቡድኑ ላሉት ስድስት ተማሪዎች አንድ አንድ ክፍል ስጡ። አንድ ዓይነት ክፍል የደረሳቸው ከየቡድኑ ወጥተው ለሃያ ደቂቃ አብረው ያጥኑ፤ ከዚያ ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ያስተምሩ። ፈተናው ግን ከስድስቱም ክፍል ነው፤ ጓደኛህን ካልሰማህ አምስት ስድስተኛው ያልፍሃል። የሚበላሸው መጀመሪያ አብሮ ማጥናቱን «ጊዜ የለንም» ብለው ሲዘሉት ነው፤ ያን ጊዜ ደካማው ተማሪ ያልገባውን ይዞ ይመጣና ቡድኑ ይንቀዋል፤ ልታጠፉት ያሰባችሁትን ንቀት በእጃችሁ አጸናችሁት ማለት ነው።

አደረጃጀቱ በኢሕአዴግ ዘመን የነበረውን የአንድ ለአምስት አደረጃጀት እንዳይመስል ተጠንቀቁ። ያንን የሚያስታውስ ሰው «ማን ምን እንዳወራ ሊመዘገብ ነው» ብሎ ይሸሻል። ቡድኑ ለማንም የግለሰብ ሪፖርት አያቀርብም፤ የሚያቀርበው የሥራውን ብቻ ነው። ይህን በመጀመሪያው ቀን ተናገሩና አክብሩት።

ወሬ ሲነሳ ምን ይደረጋል? ቡድኖቹ ከተለያየ ብሎክ የመጡ ልጆች ስለያዙ እዚህ ይጠቅማሉ። ከየቡድኑ አንድ ሰው ይመረጥና አንድ የጋራ የቴሌግራም ግሩፕ ይኑራቸው። ወሬ ሲመጣ የሚጠየቀው፦ ማን በዓይኑ አየ? የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት? ቦታው ላይ ያለ የእኛ ሰው ማን ነው? ሰው ደርሶ ካረጋገጠ በኋላ የምትለጥፉት ጽሑፍ ወሬውን አይድገም። «ተማሪ ተደበደበ የተባለው ሐሰት ነው» ብትሉ የሚቀረው «ተደበደበ» የሚለው ነው። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ብሎኩን አይተናል፣ ፕሮክተሩም አለ፣ ሁሉም ሰላም ነው፣ 4 ሰዓት ላይ እንደገና እንጽፋለን» በሉ፤ 4 ሰዓት ላይም አዲስ ነገር ባይኖር እንኳን ጻፉ። እውነት የተጎዳ ሰው ካለ ደግሞ አትሸፍኑ፤ የተጎዳው የማን ወገን እንደሆነ ሳይሆን የት እየታከመ እንደሆነና ጉዳዩን ማን እንደያዘው ተናገሩ። ሸፍናችሁ ከተገኛችሁ ቀጣዩን እውነት የሚያምናችሁ የለም።

ከዚህ ሁሉ ብዙ አትጠብቁ፤ ይህን የምለው ቀድሜ ተስፋ ላስቆርጥ አይደለም። ሳልማ ሙሳ በኢራቅ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች የተደባለቁባቸውን የእግር ኳስ ቡድኖች አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተመችው ሥራ ክርስቲያን ተጫዋቾቹ በሜዳው ለሚያውቋቸው ሙስሊም ተጫዋቾች የሚያሳዩት ጠባይ በግልጽ መሻሻሉን፣ ከሜዳ ውጭ ለማያውቁት ሙስሊም ግን ብዙም አለመለወጡን ያሳያል። ስምንት ተማሪ ቦይ ስለጠረገ ግቢው ሁሉ አይቀራረብም። ለዚህ ነው የቡድኖቹ ቁጥር መብዛት ያለበት፤ በየሴሚስተሩም አባላቱ ሙሉ በሙሉ ሳይሆን እኩሌታቸው ይቀያየሩ፣ አሮጌዎቹ አዲሶቹን እንዲያላምዱ።

ክበቦቻችን የሚሞቱት ሐምሌ ላይ ነው። የአራተኛ ዓመት ተማሪው ይመረቃል፣ ሌላው ለክረምት ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ መስከረም ላይ የመጣው ሰው ከዜሮ ይጀምራል፣ ቀበሌውም «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ይላል። ከግንቦት መጨረሻ በፊት ርክክብ ይደረግ፤ ተረካቢው ከሦስተኛ ዓመት በታች የሆነ ተማሪ ይሁን። በአንድ ክላሰር ውስጥ ማኅተም ያለባቸው የደብዳቤ ግልባጮች፣ የእድሩ ሊቀ መንበርና የቀበሌው ባለሙያ ስልክ፣ ያላለቀው ሥራ ዝርዝርና የዕቃው ቆጠራ ይግባ። ተረካቢውን ይዛችሁ ቀበሌና እድሩ ጋ በአካል አስተዋውቁት፤ በስልክ አይበቃም። አካፋና ዶማው ያለበት መጋዘን ቁልፍም ሁለት ይሁን፦ አንዱ በአማካሪ መምህሩ፣ አንዱ በተረካቢው እጅ፤ ፈርመው ይውሰዱ።